ሐርባንስ ላል ያለ ሸሚዝ

በዚያ ሰኔ ዴልሂ እንደ ፍም ግላ ነበር። ሱዴሽ በምትኖርበት በላጅፓት ናጋር ሰፈር ደግሞ መብራት ከጠፋ ውሎ አድሯል። ማራገቢያው ቀጥ ብሏል፤ ፍሪጅ ውስጥ የነበረው እርጎ አረፋ ደፍቋል፤ የሟች ባሏ ታላቅ እህት እትዬ ቢምላ እርጥብ ፎጣ ግንባራቸው ላይ ጥለው ወለሉ ላይ ተዘርረው የመብራት ኃይል ሠራተኞችን ከነዘር ማንዘራቸው ይራገማሉ።

«ይነሱ እንሂድ» አለቻቸው ሱዴሽ።

«ወዴት?»

«ሙዚየም።»

እትዬ ቢምላ ከፎጣው ሥር አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «አሮጌ ነገር ለማየት? ምነው፣ እኔን አይተሽ አልጠግብ አልሽ?»

«የሥዕሉን ነው የምልዎት። የዘመናዊ ሥዕል ብሔራዊ ሙዚየም። የጎረቤት ልጅ ስትነግረኝ ውስጡ በረዶ ቤት ነው አለች። ሰው በሙቀት ቢሞት ግድ የላቸውም፣ ሥዕሉ ግን እንዲያልበው አይፈልጉም።»

እትዬ ቢምላ ይህን ሲሰሙ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ሁለቱም ባል የሞተባቸው ናቸው። እትዬ ቢምላ ባላቸውን ያጡት ገና በወጣትነታቸው ስለነበር ወደ ወንድማቸው ቤት ተመልሰው እዚያው ቀሩ፤ ሱዴሽ ስታገባ ባልና የባል እህት አንድ ላይ ተረከበች። መጀመሪያ ላይ አይዋደዱም ነበር። አሁንም ይዋደዳሉ ቢባሉ ሁለቱም ይከፋቸዋል፤ ግን አንዷ ሳትጠጣ ሌላዋ ሻይ አፏ ላይ አታደርግም።

የሱዴሽ ባል ሐርባንስ ላል ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። በውሃ መሥሪያ ቤት ከተራ ጸሐፊነት ተነስቶ ክፍል ኃላፊ እስከ መሆን የደረሰ፣ ሰፈሩ በጨዋነቱ የሚያውቀው ሰው ነበር። ጨዋነቱ ልክ አልነበረውም። በሰኔ ሙቀት እንኳ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈትቶ አያውቅም። ልብሱን የሚቀይረው ከቁም ሳጥኑ በር ጀርባ ተደብቆ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ወንድና ሴት ፊታቸውን ማቀራረብ ከጀመሩ ብድግ ብሎ አንቴናውን ያስተካክላል፤ ሰዎቹ ጉዳያቸውን እስኪጨርሱ ሲያስተካክል ይቆያል። ኋላ አንቴና የሌለው ቴሌቪዥን የተገዛ ጊዜ የሚይዘው አጥቶ ሰንብቷል። ሱዴሽ ከአርባ ዓመት በላይ አብራው ኖራ፣ ናቪን የሚባል ልጅ ወልዳለት፣ ባሏን በብርሃን የምታውቀው ከአንገቱ በላይና ከቁርጭምጭሚቱ በታች ብቻ ነው። የተቀረውን በጨለማ፣ በዳሰሳ፣ በግምት።

ባጃጁ ከሙዚየሙ በር ላይ ጣላቸውና ገቡ። ቅዝቃዜው ፊታቸውን ሲነካቸው እትዬ ቢምላ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ።

«ሥዕሉ ባይኖርም ግድ የለኝም» አሉ።

ግን ነበረ፤ ክፍል በክፍል። ሱዴሽና እትዬ ቢምላ ከሻርፓቸው ጫፍ የተቋጠረ የሽምብራ ቆሎ በድብቅ እየቆረጠሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዘዋወሩ። ሰማያዊ ላም አዩ። «ወተቷ ምን ሊመስል ነው?» አሉ እትዬ ቢምላ። ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ያለችበት ትልቅ ቀይ ሸራ አዩ። «ይሄኛው ገና ሲጀምረው ሚስቱ ጠርታዋለች።» ሦስት ጡት ያላት ሴት የተሣለችበት ሸራ ፊት ደግሞ እትዬ ቢምላ የራሳቸውን ደረት ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ለአንዷ ሦስት፣ ለአንዷ ባዶ። የእግዜር አሠራር» አሉና አለፉ።

በሩ አጠገብ ወንበር ላይ የሚያንጎላጅ ጃግሞሃን የሚባል ጥበቃ ነበር። የቆሎው ድምፅ ቀሰቀሰው።

«እማማ፣ እዚህ መብላት ክልክል ነው።»

«ማን በላ?» አሉ እትዬ ቢምላ። «ጥርሴ ውስጥ የቀረውን ነው የማኝከው። እሱን የት ሄጄ ላኝክ?»

ጃግሞሃን መልሶ ዓይኑን ጨፈነ።

ሱዴሽ ወደ ውስጠኛው ክፍል ብቻዋን ቀድማ ገብታ ነበር። ከፊት ለፊቷ በር የሚያክል ሥዕል ተሰቅሏል። አንገቷን ቀና ማድረግ ስላደከማት ከታች ጀመረች። ሁለት እግሮች አየች። የግራው እግር ሁለተኛ ጣት አውራ ጣቱ ላይ ወጥቶ ተኝቷል፣ ልክ ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው። ያንን እግር ስንት ክረምት በሰናፍጭ ዘይት አሽታዋለች። «እግሩ የእሱን ይመስላል» ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጉልበቱ ወጣ፤ ከጉልበቱ ወደ ጭኑ ወጣ፤ ከጭኑ ሲያልፍ ሱዴሽ ፈገግታዋን ተወችው። የሚሸፍነው ምንም ነገር የለም። ቶሎ ብላ ሆዱን፣ ደረቱን አልፋ ፊቱ ላይ ደረሰች። ወጣት ነው፤ ፊቱ ወደ መስኮት ዞር ብሏል። ቀኝ እጁን በግራ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ተቀምጧል። ምሳ ሲዘገይበት እንደዚያ ነበር የሚቀመጠው። ጆሮዎቹ ደግሞ ግራና ቀኝ እንደተከፈተ በር ተበርግደዋል።

«እትዬ ቢምላ» ብላ ጠራች። «ይምጡ እስቲ። የናቪን አባት እዚህ ናቸው።»

እትዬ ቢምላ ሙቀቱ የሱዴሽን ጭንቅላት ነክቶታል ብለው እየተጣደፉ መጡ። ሥዕሉን አዩት። ሽምብራው አፋቸው ውስጥ ቆመ።

«አይደለም» አሉ።

«ጣቱን ይመልከቱ።»

«ጣት ያለው ሰው ሁሉ ወንድሜ ነው?»

«ጆሮውንስ?»

«ወንድሜ ሲወለድም ልብሱን ለብሶ ነው የተወለደው። እኔ ነበርኩ እዚያ። ነይ እንሂድ፣ በርዶኛል።»

በዚህ መሀል ታኑጃ የምትባል የሙዚየሙ ባለሙያ ተማሪዎች አስከትላ ገባች። «ይህ ኢላ ናግ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት የሣለችው ነው» አለቻቸው። «ርእሱ ‹የሚጠብቅ ሰው› ይባላል። ሞዴሉ ማን እንደነበር አይታወቅም። ነፃነቷን ያገኘች አገር ተስፋዋን ስትጠብቅ የሚያሳይ ነው የሚሉ አሉ።»

«ባሌ ናቸው» አለች ሱዴሽ።

ተማሪዎቹ ዞሩ። አንዷ የውሃ ጠርሙስ አውጥታ ዘረጋችላት። ታኑጃ ረጋ ብላ፣ «እማማ፣ ጥሩ ሥዕል እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሰው የራሱን ሰው ያይበታል» አለች።

«እኔማ የራሴን ሰው ነው ያየሁት» አለች ሱዴሽ። «ግን እናንተም እያያችሁት ነው።»

ባጃጅ ይዘው ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። ሱዴሽ መጀመሪያ ያፈረች መስሏት ነበር። ድልድዩን ሲያልፉ ግን ማፈር እንዳልሆነ ገባት። ተናዳለች። ለአንድ ሚስቱ መብራት ሲያጠፋ የኖረ ሰው፣ ለአገር ሙሉ ሕዝብ አብርቶ ተቀምጧል። ከጠዋት እስከ ማታ። ሙዚየሙ ከሚዘጋበት ከሰኞ በቀር።

ልጇ ናቪን ማታ ከባንክ ሥራው ሲመለስ ነገረችው። ናቪን የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ የአባቱን ክራባት አስተሳሰርና የአባቱን ጆሮ ወርሷል።

«እማዬ፣ ሙቀቱ ነው» አለ።

«እሺ፣ ሙቀቱ ይሁን። ሄደህ እየው።»

እሑድ ዕለት ስህተቷን ሊያሳያት አብሯት ሄደ። እትዬ ቢምላም «እኔ ቅዝቃዜውን ፈልጌ ነው» ብለው ተከተሉ። ናቪን ሥዕሉ ፊት ቆመ። ሲጨነቅ እንደሚያደርገው ሳያስበው ቀኝ እጁን በግራ ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ከጎኑ የነበሩ ሁለት ወጣት ሴቶች ሥዕሉን አዩ፣ ናቪንን አዩ፣ ደግመው ሥዕሉን አዩ፣ ከዚያ ተያይዘው በሳቅ ወጡ። ጃግሞሃንም ከወንበሩ ተነስቶ መጣና ሁለቱን አስተያየ።

«ጌታዬ» አለ በአክብሮት፣ «ትንሽ ወፈር ብለዋል እንጂ...»

ናቪን ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ከክፍሉ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ፣ «ያውርዱት» አለ። «ይሄ የቤተሰብ ክብር ነው። አለቃዬ እዚህ ቢመጣስ? ካላወረዱት ቢያንስ ከወገቡ በታች መጋረጃ ይሥሩለት።»

«አለቃህ ሥዕል የሚያይ ሰው ነው?» አሉ እትዬ ቢምላ።

«አክስቴ፣ አክስቴ ቢምላ፣ እባክሽን።»

ታኑጃ ቢሮ ገቡ። ናቪን ስለ ክብር፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ጠበቃ ብዙ ተናገረ። ታኑጃ ሁሉንም ሰማችውና፣ «እሺ፣ የአባትዎ ስም ማን ይባላል?» ስትለው አፉን ዘጋ። ስሙ ከወጣ ነገሩ እውነት ሊሆን ነው። እትዬ ቢምላም ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ሱዴሽ የባሏን ስም ጠርታ አታውቅም። በዘመኗ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ «የናቪን አባት» ነበር የምትለው፣ ናቪን ሳይወለድ ደግሞ «ይስሙ እስቲ» ብቻ። የመንግሥት ሰው ለቆጠራ ሲመጣ እንኳ ጎረቤት ጠርታ ነበር የምታስነግረው። አሁን ግን አንድ በአንድ አየቻቸውና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሐርባንስ ላል» አለች። ስሙ አፏ ውስጥ እንግዳ ሆነባት። ጥሟት ደገመችው። «ሐርባንስ ላል ዱዋ። የውሃ መሥሪያ ቤት።»

እትዬ ቢምላ ከጣሪያው ዓይናቸውን አወረዱ። «ቀኝ ጉልበቱ ላይ ጠባሳ አለ» አሉ እያመማቸው። «በልጅነቱ በክር የታሰረ የወረቀት ወፍ ሲያበር ከጣሪያ ወድቆ ነው። እናታችን ስታለቅስ ቁስሉን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ወንድሜ ነው። ያ ባለጌ።»

ታኑጃ ብድግ አለች። ሥዕሉ ላይ ጠባሳው አለ፤ ሁልጊዜ የቀለም እንከን ይመስላት ነበር። «ኢላ ናግ እኮ በሕይወት አለች» አለች። «ዘጠና ልትደፍን ነው። ብትጠይቋት ይሻላል።»

በማግሥቱ ይዛቸው ሄደች። ናቪን መኪናውን ነዳ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን አልወርድም ብሎ መስታወቱን ዘግቶ ቀረ። ኢላ ናግ በቤንጋል ሰዎች ሰፈር፣ በመጻሕፍትና በድመት በተጨናነቀ ቤት ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሲጋራ ታጨሳለች። ፀጉሯ እንደ ወንድ አጥሯል። ታኑጃ ጆሮዋ ላይ ጮኻ ነገሩን አስረዳቻት።

«ያ የቧንቧው ሰውዬ?» አለች ኢላ ናግ። «ሞተ እንዴ? ቧንቧዬን ሳይጠግንልኝ?»

ሱዴሽ ልትቀመጥ ስትል አንዱን ድመት ልትጨፈልቅ ነበር። «እንዴት አወቅሽው?» አለች፣ እንደ ምርመራ።

«ውሃ ቆሞብኝ ለመሥሪያ ቤቱ አመለከትኩ። ቧንቧ የሚሠራ ሰው ስጠብቅ ወረቀት የሚሞላ ሰው ላኩልኝ። ያን ቀን ደግሞ የቀጠርኩት ሞዴል ቀርቷል፣ ብርሃኑ ግን ገብቶ ግድግዳው ላይ ቁጭ ብሏል። ተቀመጥ አልኩት። በመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ አለኝ። በመንግሥት ሥራ ላይ ሆነህ ተቀመጥ አልኩት።»

«ልብሱስ?»

«መጀመሪያ ቀን ከነኮቱ ነበር። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ አውልቅ አልኩት። በሩን ቆለፈ፤ መቆለፉን ሄዶ አረጋገጠ። ሸሚዙን አወለቀና ወንበሩ ላይ ሰቅሎ እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ መልሶ ቆለፈው። እኔ እሱን ሥዕል ለማድረግ ነበር የፈለግሁት፣ የሸሚዙን ነገር ሳይ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ያን ቀን አልሠራሁም።»

እትዬ ቢምላ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሱዴሽ አልሳቀችም። ይህን ጥያቄ ሥዕሉን ካየችበት ቀን ጀምሮ ይዛው ነው የዞረችው። «ለአንቺ ያወለቀ ሰው፣ ከእኔ ዕድሜውን ሙሉ ለምን ተደበቀ? እኔ ሚስቱ ነኝ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ኢላ ናግ ሲጋራዋን አጠፋች። «ልጄ፣ እኔ እሱን አይቼው አላውቅም። ጉልበቱ ላይ ያረፈውን ብርሃን ነበር የማየው። ለእኔ እንደ ድንች ነበር፤ ጥሩ ቅርፅ ያለው ድንች። ድንች አድርጎ በሚያይህ ሰው ፊት ምን ታፍራለህ? ‹ለምን ትመለሳለህ?› ብዬ ጠይቄው ነበር። ‹ቢሮ ሁሉም ፊርማ ይፈልግብኛል፣ ቤት እናቴና እህቴ እንዴት እንደቆምኩ፣ እንዴት እንደበላሁ ያዩኛል፤ እዚህ ማንም አያየኝም› አለኝ። አንቺ ግን ታዪው ነበር።»

«እኔ መቼ ነው ያየሁት?» አሉ እትዬ ቢምላ ተቆጥተው። «ወንድሜ ስለሆነ፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ ብል ጥፋት ነው?»

ሱዴሽ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አሰበች። «አስቀያሚ ነኝ ብሎ ነበር የሚያስበው?»

«ጆሮዎቹን አይተሻቸዋል አይደል?»

«እኔ ጆሮዎቹን እወዳቸው ነበር።»

«ነግረሽዋል?»

«መቼ ነው የምነግረው?» አለች ሱዴሽ። ቁጣዋ ገና አልወጣላትም። «ትንሽ ስጠጋው ተነስቶ አንቴና ያስተካክላል።»

ኢላ ናግ ይህን አልሰማችውም፤ ታኑጃ ጮክ ብላ ደገመችላት። ከዚያ አራቱም ሳቁ። ሱዴሽ እየሳቀች አለቀሰች፤ ስታለቅስ ደግሞ እትዬ ቢምላ ከአርባ ዓመት በላይ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፣ እጇን ያዙ። ሲወጡ ግን ቶሎ ለቀቁት።

መኪናው ውስጥ ናቪን፣ «ታዲያ እሳቸው ናቸው?» አለ።

«እሳቸው ናቸው። አባትህ ጥሩ ቅርፅ ያለው ድንች ነበሩ» አለችው እናቱ።

ታኑጃ ከሳምንት በኋላ ደውላ፣ ከሥዕሉ ሥር ባለው ጽሑፍ ላይ የሞዴሉን ስም ማስገባት እንደሚፈልጉ፣ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ ግን እንደማያደርጉት ነገረቻቸው። ቤቱ ተከፋፈለ። ናቪን እምቢ አለ። «አሁን ማንነቱን የሚያውቅ የለም፤ ስም ከተጻፈ ግን የጆሮዬ ባለቤት ታወቀ ማለት ነው።» ሚስቱ ሪቱ ቀደም ሲል ሳትነግረው ከእህቷ ጋር ሄዳ አይታው መጥታለች። እትዬ ቢምላ ሲጠየቁ፣ «ራቁቱን ከተቀመጠ አይቀር ባለቤት እንዳለው ይታወቅ» አሉ። ሱዴሽ ለናቪን፣ «አንተ የሚያሳፍርህ ሥዕሉ ነው። እኔን ያሳፈረኝ ማንም የማያውቀው ሰው መባላቸው ነው» አለችው። ስልኩን አንስታ ፈቅጃለሁ አለች። ናቪን ለሁለት ሳምንት እራቱን በልቶ አኩርፎ ወደ ክፍሉ ይገባ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ስሙ ተጻፈ። ወሬው እንዴት እንደወጣ አይታወቅም፤ እትዬ ቢምላ ግን በየሻይ ቤቱ ሳይናገሩ አልቀሩም። አንድ ቅዳሜ የውሃ መሥሪያ ቤት ጡረተኞች የሱፍ ኮፍያቸውን አጥልቀው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በሰልፍ ወደ ሙዚየሙ መጡ። ሱዴሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። መጀመሪያ ሁሉም በአክብሮት እጃቸውን አጋጥመው ሰላምታ ሰጧት፤ ከዚያ ወደ ሥዕሉ ዞሩ።

ቀድመው የተናገሩት የሐርባንስ ላል የቀድሞ አለቃ፣ አቶ ሳብሃርዋል ነበሩ። «ይሄ ሰው» አሉ በቀስታ፣ «እጅጌህን ጠቅልለህ ቢሮ ገብተሃል ብሎ ማስጠንቀቂያ ጽፎብኛል። እኔ አለቃው ሆኜ።»

አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለ። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በሳቅ ተደጋግፈው ቆሙ፤ አንዱ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሊጥል ሲል በእጁ ያዘው። ጃግሞሃን ጸጥታ ሊያስከብር መጣና እሱም ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ አቶ ሳብሃርዋል መነጽራቸውን ጠርገው፣ «ግን ደህና አድርጋ ሥላዋለች» አሉ። «ሲያስብ ልክ እንዲህ ነበር። እኔ ሁልጊዜ የሚሰልለኝ ይመስለኝ ነበር።»

ናቪን ከሪቱ ጋር ዘግይቶ ደረሰ። ማንም አልጠራውም። ጡረተኞቹ እንዳዩት በአንድ ድምፅ፣ «ሐርባንስ ልብሱን ለብሶ መጣ» አሉ። ናቪን ቀላ፤ ወደ በሩም አየ። ሪቱ ክንዱን ይዛ አላንቀሳቅስ አለችው። ከዚያ ቀስ ብሎ እናቱ አጠገብ ተቀመጠና፣ «አባቴ ያኔ ስንት ዓመታቸው ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት።»

«ልጅ ነበሩ እኮ» አለ። ጽሑፉን ሊያነብ ተነስቶ ተጠጋ፤ ስሙ በትክክል መጻፉን ፊደል በፊደል ፈተሸ። አንድ ፊደል የተዛባ መስሎት ከታኑጃ ጋር ለረጅም ጊዜ ተከራከረ፤ ኋላ ራሱ እንደተሳሳተ ሲያውቅ ይቅርታ ጠየቀ።

ከቀትር በኋላ ሁሉም ወደ ሣሩ ወጡ። የታኅሣሡ ፀሐይ ደስ ይል ነበር። ሪቱ በሳምቡሳ የተሞላ ዕቃ ከፈተች፣ ጡረተኞቹ ብርቱካንና ኦቾሎኒ አመጡ፤ አቶ ሳብሃርዋል ሥዕሉ በተሣለበት ዘመን ስለተሰበረው ትልቁ የውሃ መስመር አንድ ታሪክ ጀመሩ። ማንም በትክክል አላዳመጣቸውም። እትዬ ቢምላ ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ሱዴሽ ብርቱካኑን እየላጠች ልጣጩን በቀሚሷ ላይ ታጠራቅማለች፤ ናቪንም ከታሪኩ መሀል ገብቶ፣ «ታዲያ ያን ጊዜ አባቴ የት ነበሩ?» ብሎ ጠየቀ።